የግንቦት ማርያም ተረኛ

የምሥራች! የግንቦት ማርያም ተረኛ ተገኘ!

ግንቦት የማርያም ማኅበራችን በየወሩ በሃያ አንድ ጽዋውን ጠጥቶ ሊበተን ሲል «ግንቦትን ማን ያንሣልን?» እየተባለ አንዱ የአንዱን ፊት የሚያይበት፣ ባለቤት ያጣ ቀን ነበር። ዛሬ ጥር ሃያ አንድ፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቱ ተገኘ። በጆሮዬ ሰማሁ። እልል ልል ቃጥቶኝ ነበር፤ የአዳማ ጣቢያ ቲኬት ሻጭ በዘበኛ ፊት እልል ቢል ምን ይባላል ብዬ ወደ ክፍሌ ገብቼ ወረቀት ዘረጋሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ከቲኬት በቀር የጻፍኩት ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ካልጻፍኩት የሚያስቀምጠኝ አይደለም። ማኅበሩ ዛሬ ለግንቦት ዕጣ ሊያወጣ ነው፤ ግን አባ ወልደአማኑኤል ከቤተክርስቲያን ሳይመጡ ዕጣ አይነካም፤ እሳቸውም ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አይመጡም። ጊዜ አለኝ።

የተረኛውን ስም አሁን ብነግራችሁ «እሳቸው? እሳቸው እኮ አለቀላቸው!» ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

እመት ሸዋወርቅን ከአዋሽ ወዲህ በሦስተኛ ማዕረግ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ያውቃቸዋል። መልካቸውን ባያውቅ ቅላቸውን ያውቃል። ከቡልጋ ከባላቸው ጋር የመጡት ሃዲዱ ወደ አዲስ አበባ ሲዘረጋ ነው። ባልየው ብሎን አጥባቂ ነበሩ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ ወባ ወሰዳቸው። ልጅ አልወለዱም። ወንድም የለ፣ እህት የለ፤ ቡልጋ የቀረ ዘመድም ቢኖር ስማቸውን የሚያስታውስ አይመስለኝም። የጣቢያው ሹም አዘነላቸውና ከባቡሩ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲቀዱ ፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲህ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ባቡር በጮኸ ቁጥር እንስራቸውን አዝለው፣ ነጠላቸውን የአዳማ ነፋስ እንዳይወስደው አገጫቸው ሥር ቋጥረው፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ውሃ በቅል ሲያቀብሉ ኖሩ።

መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ እሳቸው አጭር ናቸው። የሰው ፊት አይታያቸውም፤ የሚያዩት እጅ ነው። እጅ ከመስኮት ይወጣል፣ ቅል ይቀበላል፣ ባዶውን ይመልሳል። ታዲያ እጅ በመለየት የሚስተካከላቸው አልነበረም። «የዛሬው ሰውዬ ቀለበቱን ሸጧል» ይሉኛል፣ ባቡሩ ሲሄድ እንስራቸውን ከቲኬት መስኮቴ ሥር አስደግፈው። «ያቺ ባለ እንሶስላዋ ደግሞ አግብታለች።» እኔ እስቃለሁ። አንድ ቀን፦

«ይህን ሁሉ ሰው ሲሸኙ ኖረው እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አልተሳፈሩም፤ ለምን?» አልኳቸው።

«ማን ዘንድ ልሂድ?» አሉኝ፣ ቅሉን እያራገፉ። ነገሩን እንዲሁ አለፍኩት። የሰው ነገር መቼ ቶሎ ይገባኛል!

አምና በክረምት ግራ ጡታቸው ጎን ሽምብራ የምታህል ነገር ዳሰሱ። ለማንም አልተናገሩም። ሽምብራዋ ባቄላ ሆነች፤ ዘንድሮ ዓመቱ ሲዞር ሎሚ አከለች። እናታቸው ቡልጋ ውስጥ በዚሁ ነው የሞቱት፤ ስለዚህ ስሟን ያውቁታል፤ ነቀርሳ። ስሟን ካወቁ ሐኪምም ጠንቋይም አላስፈለጋቸው። ቀጥ ብለው የነፍስ አባታቸው አባ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄዱና የቁም ተዝካራቸውን ሊያወጡ መሆኑን ነገሯቸው።

የቁም ተዝካር እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ ከሞተ በኋላ ድግሱን የሚደግስለት ልጅ የሌለው ሰው በቁሙ ራሱ ደግሶ ካህናቱንና ድሀውን የሚያበላው ነው። መስከረም ሃያ አምስት ቀን፣ እሑድ፣ ወጣ። ከጎረቤታቸው ከቡዜ ከብቶች ጋር ሲቀለብ የቆየው ሰንጋ ታረደ። እኔም በላሁ። ከልቤ ነው የበላሁት፤ ጮማው ዛሬም ይታየኛል። ከበላን በኋላ በተራ በተራ እየቀረብን «ይቅር ይበሉን» አልናቸው፤ «እናንተም ይቅር በሉኝ» አሉን፤ ተላቀስን። እንስራቸውንና ቅላቸውን ለቡዜ ሰጡ። የማኅበር ቦታቸውን ዘርፉ የምትባል የሰፈራችን ሴት ተቀበለች፤ የግንቦት ተራቸውን ግን «ድግሱ ይከብደኛል» ብላ ሳታነሣው ቀረች፤ ማኅበሩም ሳያስገድዳት ቀረ። ከእሳቸው የተዋሰ ሁሉ የተዋሰውን መለሰ። ወንፊት የወሰደ ወንፊቱን፣ ገመድ የወሰደ ገመዱን። ሙት ቤት ዕዳ አይቀመጥም ብለን ነው።

ከዚያ ግን የሆነው ማናችንም ያላሰብነው ነገር ነው። አልሞቱም።

ጥቅምት ገባ። ለንጉሡ የዘውድ በዓል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው እንግዳ ባቡሩን አጨናንቆ ያልፋል፤ ጣቢያው እንደ ገበያ ሆኗል። እመት ሸዋወርቅ ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ባቡሩ ሲጮህ ብድግ ይላሉ፤ እጃቸው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እንስራው የነበረበትን ግድግዳ ይዳስሳል፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ይህን ከቲኬት መስኮቴ አያለሁ። እሄድና አጫውታቸዋለሁ እላለሁ፤ ደግሞ ምን ብዬ? «እንደምን አደሩ» ለማለት እንኳ አፍ ያሳስራል። አንድ ሰው ተዝካሩ ከተበላ በኋላ እንዴት አደርክ ይባላል?

እኔ ብቻ አልነበርኩም። መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ሴቶቹ ነጠላ ያስተካክላሉ፣ ወንዶቹ ጉዳይ ያስታውሳሉ። አንድ ቀን ማኅበር ላይ፣ ከደጅ በኩል ዳር ተቀምጠው ሳለ፣ ሰው ስማቸውን ሲያነሣ ከመሃል አንዱ «ነፍስ ይማር!» ብሎ አረፈው። እሳቸው «አሜን» አሉ። ጽዋው ዞሮ ዞሮ በአጠገባቸው አለፈ፤ ማንም ሆነ ብሎ አላሳለፈውም፤ ቀድሞ ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልመጡም።

ከሁሉ የከፋው ግን የመዋሱ መቅረት ነው አሉኝ በኋላ። «ሐዲስ፣ ወንፊት እኮ የሚዋሰኝ ሰው ጠፋ። እሳት የሚጭር የለም። ጨው አለሽ ወይ የሚል የለም። ዕቃዬ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ተሰብስቦ ያየኛል።»

እሳቸውን ከቤት የጎተተቻቸው ቡዜ ነች። ቡዜ ወተት ሻጭ ነች፤ አማርኛዋ ላይ አንቱታ የለም፣ ሆዷ ውስጥም ተንኮል የለም። ኅዳር ላይ የምድር ባቡሩን ሠራተኞች የሚያይ ፈረንጅ ሐኪም ለወሩ ጉብኝት ሲመጣ እጃቸውን ይዛ ከች አለች።

«ያ ረቢ! አቶ ሐዲስ፣ ለዚህ ሰውዬ ንገረው፤ አኮን፣ አሮጊቷን፣ ይይ!»

«የሠራተኛ ሐኪም ነው፣ ቡዜ፤ እሳቸው ደግሞ ሠራተኛ አይደሉም።»

«አሥራ ሦስት ዓመት ያን ሁሉ ሰው ያጠጣች ሠራተኛ ካልሆነች አንተ ምንድን ነህ? ወረቀት ቆራጭ!»

የኔ ፈረንሳይኛ የጣቢያ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሰዓትና ሻንጣ ላይ ይበረታል፣ ጡት ላይ ይደክማል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ ደጋግሞ ዳሰሰ፤ ብብታቸውንም አየ። ከዚያ ዕድሜያቸውን ጠየቀ።

«ተዝካሬ ተበልቷል በለው» አሉ እመት ሸዋወርቅ።

ይህን በምን ቋንቋ እንደምናገረው እግዜር ይወቅ። «ቀብራቸው አልፏል ይላሉ» አልኩት። ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አያቸው፤ ከዚያ እጃቸውን ይዞ የደም ሥራቸውን ቆጠረ። ቡዜ በሣቅ ግድግዳውን ደገፈች። ያን ቀን እመት ሸዋወርቅ ራሳቸው ሲስቁ አየሁ፤ ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐኪሙ ሲጨርስ ግን አልሣቀም። ቃል በቃል የነገረኝን ነገርኳቸው። «ምን እንደሆነ በዓይን ብቻ አልናገርም። ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ገብተው መታየት አለባቸው፤ ክፉ ከሆነም ይቆረጣል። ብብት ውስጥ እስካሁን ያገኘሁት የለም። ግን አሮጊት ናቸው፤ ቢላዋው ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል። ቢተውት ደግሞ ምን ያህል እንደሚቆዩ አላውቅም። ምርጫው የእሳቸው ነው።»

«ምርጫው የኔ ነው አለ?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ተውኩት በለው። እግዜር ይስጥልኝ በለው።»

ቡዜ ጮኸች፤ «ማሎ! እባክሽ ለምን?»

«ሰንጋዬን በልታችኋል፤ አልቅሳችሁልኛል፤ ይቅር ተባብለናል። አሁን ተነሥቼ ልኑር ብል ሰው ምን ይለኛል? ለነፍሷ ስትል ሞተች፣ ለሆዷ ስትል ተነሣች ነው የሚለኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው ጨመሩ፤ «ደግሞስ ድኜ ብመለስ ማን ደጅ ነው የምደርሰው?»

ቡዜ እጃቸውን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኛሁ። ግን ያቺ ጥያቄ በማግሥቱ ቲኬት ስቆርጥም አብራኝ ነበረች።

ታኅሣሥ አልቆ ጥር ጠባ። በጥር መጀመሪያ ባለው ሐሙስ ቡዜ ልጇ ታሞባት ጣቢያ ልትወጣ አልቻለችም። ከጠዋቱ እንስራውንና ቅሉን እመት ሸዋወርቅ ደጅ ላይ ወርውራ ሄደች። «ዛሬ ብቻ!» ብላ። ዛሬ ብቻ ያለችው ተንኮል እንደሆነ አሁን እጠረጥራለሁ፤ ስጠይቃት ግን ወተቷን ታማስላለች።

ባቡሩ መጣ። ከሦስተኛ ማዕረግ መስኮት አንድ እጅ ወጣ፤ የመሃል ጣቱ ከግማሹ የተቆረጠ።

«እማማ!» አለ ባለ እጁ። «ኧረ እማማ ናቸው! የት ጠፉ? ሦስት ወር ሙሉ ያችኛዋ ስታጠጣን ግማሹ ደረቴ ላይ ነው የሚፈስሰው!»

«ሞቼ ነበር» አሉ እመት ሸዋወርቅ፣ ቅሉን ወደ ላይ እያቀበሉ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ውሃ እየሰጠሁህ አይደለም?»

ሰውዬው ሣቀ፤ ጠጣ፤ ለጎኑ ሰው አቀበለ፤ የጎኑም ለጎኑ። ፉጨቱ ጮኸ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቅሉ እንደ ገባ ቀረ። ሰውዬው ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ ቅሉን እያወዛወዘ ጮኸ፤ «እማማ! ቅልዎን ወሰድኩት! ማክሰኞ ስወርድ እመልሳለሁ! ተዋስኩዎት!»

እመት ሸዋወርቅ አቧራው እስኪበርድ ድረስ ከሃዲዱ ዳር ቆሙ። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጡ፤ ዓይናቸው ሌላ ሆኗል።

«ሐዲስ፣ ሰማኸው? ተዋሰኝ።»

«ቢያስቀርብዎትስ?»

«ያስቀር! ተዋሰኝ እኮ ነው የምልህ!»

ማክሰኞ ከሰዓቱ በፊት መጥተው ቆሙ። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው ባቡር ሲቆም ያ ባለ ጎደሎ ጣት እጅ ቅሉን ይዞ ወጣ፤ ቅሉ አዲስ የቆዳ ማንጠልጠያ ተሠርቶለታል። መሐመድሰዒድ እንደሚባል፣ በርበሬና ቡና እንደሚነግድ ያን ዕለት ነው ያወቅነው። ከባቡሩ ወርዶ ፊት ለፊት አወራቸው። ስለ ሎሚዋም ነገሩት። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል አሉኝ በኋላ፤ እሱ ሰንጋቸውን አልበላም።

ከዚያ በቀጥታ አባ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄዱ። የጠየቁት ይህን ነው፤ «አባ፣ ተዝካሩ የተበላ ሰው ልዳን ብሎ ሐኪም ቤት ቢሄድ ኃጢአት ነው?»

አባም መለሱላቸው፤ «ኃጢአትስ አይደለም፤ ነውር ነው የሚሉ ይኖራሉ። የሚሉትም ጠላሽን ጠጥተው የጨረሱት ናቸው።»

«ጸሎቱስ? ባክኖ አይቀርም?»

«ጸሎት ጠላ አይደለም፣ ልጄ፤ ቢቆይ አይኮመጥጥም። ቀንሽ እስኪደርስ ይጠብቅሻል። ሂጂ። ብቻ ድነሽ ስትመለሺ ሁለተኛ ተዝካር አወጣለሁ እንዳትዪኝ፤ እኔም አርጅቻለሁ።»

«ቢላዋው ላይ ብቀርስ?»

«ያን ጊዜ እኔ መጥቼ አመጣሻለሁ፤ ባልሽ አጠገብ» አሉ። ይህን አባ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ እያለቀሱም ነው የነገሩኝ።

ዛሬ እንግዲህ። ዛሬ ጠዋት እመት ሸዋወርቅ ታጥበው፣ ትንሽ ጥቅል ይዘው መጡ። ጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኳቸው። ራሳቸው ፈትለው ያሠሩት መገነዣቸው ነው። «ይዤው ልሂድ፤ ከተፈለገ አለ፤ ካልተፈለገ ብርድ ልብስ ይሆነኛል፤ አዲስ አበባ ይበርዳል ይላሉ።» አሥራ ሦስት ዓመት ከዚህ መስኮት ፊት የቆሙትን ሴት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ቲኬት ላይ ጻፍኩ። ሸዋወርቅ፤ ከአዳማ፤ እስከ አዲስ አበባ። ሌላ ቲኬት እንደዚህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም።

ቡዜ መጣች። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጧት፤ «ወንፊቱን ውሰጂው፤ የኔ ነገር አይታወቅም» አሏት።

«አልወስድም» አለች ቡዜ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስጦታ አልወስድም። አውሽኝ። ስትመለሺ እመልስልሻለሁ፤ ካልተመለሽ በሌላ ሰው ዕቃ እየነፋሁ ዕድሜ ልኬን ሳፍር እኖራለሁ። ይህን ታደርጊኛለሽ?»

እመት ሸዋወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እሺ፤ አውሼሻለሁ» አሉ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ባቡሩ ገባ። መሐመድሰዒድ ከላይ በዚያ ጎደሎ ጣቱ ክንዳቸውን ያዘ፣ እኔ ከታች ደገፍኩ፤ ወጡ። አዲስ አበባ አደርስዎታለሁ ባላቸው መሠረት መስኮት ዳር ቦታ ይዞላቸው ነበር። አጭር ናቸው አላልኳችሁም? ሲቀመጡ ፊታቸው ከመስኮቱ በታች ጠፋ። ከታች ቆሜ ብንጠራራም አላየኋቸውም። ከዚያ እጅ ወጣ። ደም ሥሩ የተገታተረ፣ ጥፍሩ በውሃ የተላጠ፣ አንድ እጅ። ቡዜ ቅሉን ሞልታ አቀበለች። እጁ ተቀበለ፤ ቆይቶ ባዶውን መለሰ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው ያዩት የነበረው ይህን ነው ብዬ አሰብኩ።

ፉጨቱ ሲጮህ ድምፃቸው ከላይ መጣ።

«አንተ ሐዲስ! አለህ?»

«አለሁ፣ እመት!»

«ለማኅበሩ ንገርልኝ፤ የግንቦት ማርያም የኔ ተራ ነው! ዘርፉ ቦታዬን ትልቀቅ!»

«እነግራለሁ!»

ባቡሩ ተነቃነቀ። እጁ መስኮቱን ይዞ ነበር። «ካልመጣሁም» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ እኔም ጎን ለጎን እየሮጥኩ፣ «ካልመጣሁም ለሌላ እንዳትሰጡት። ያን ቀን ባዶውን ያዙልኝ። አንድ የምጠበቅበት ቦታ ይኑረኝ።»

ከዚያ መሮጫ መንገድ አለቀብኝ።

ሐኪም ቤት ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። ነቀርሳ ይሁን አይሁን፣ ቢላዋው ይራራላቸው አይራራላቸው አላውቅም። የማውቀው በመስከረም የበላሁትን ጮማ ነው፤ በጥቅምት ዝም ብዬ ከመስኮት ያየሁትን ድንጋይ ነው። ግንቦትን ግን እኔ እይዝላቸዋለሁ። ዕጣ አይወጣም! ዘርፉ ብትቆጣ ትቆጣ፤ «የሞተ ሰው ተራ አይቆጠርም» የሚለኝ ሰው ካለ ቲኬቱን በራሴ እጅ እንደጻፍኩ እነግረዋለሁ፤ የሞተ ሰው ቲኬት አይቆርጥም! ደግሞም ጽዋውን...

ውይ! የአባ ወልደአማኑኤል ጥላ በመስኮቴ ሥር አለፈ። ዛሬ ቀድመው ወጥተዋል! ለዛሬው ማኅበር ዘርፉ ቤት ደርሰው ዕጣው ሳይወጣ ልቅደማቸው፤ ባርኔጣዬ የት ነው ያለው? ይቅር፣ ያለ ባርኔጣ እሮጣለሁ።